ፊትና ቁጥር፦ ሠዓሊ ራሱን በሒሳብ እንዴት ይሥላል?

አዲስ አበባ፦ ሰው የጎረቤቱን ፊት፣ የልጁን ፊት፣ የበሬውን ፊት ሳይቀር በዐይኑ ያያል። የራሱን ፊት ግን በቀጥታ አይቶት አያውቅም። የሚያየው በመስታወት፣ በረጋ ውኃ ላይ ወይም በፎቶግራፍ ነው። በመሆኑም ራሱን ለመሣል የተነሣ ሠዓሊ ቀለም ከመበጥበጡ በፊት የልኬት ጥያቄ ይገጥመዋል። መስታወቱ የሚያሳየው ምን ያህሉን ነው? በየትኛው አቅጣጫ? በምን ያህል መጠን?

ሠዓሊው በራሱ እጅ የሠራው የገዛ መልኩ ሥዕል "የራስ ምስል" ይባላል። በዚህ ዘርፍ ስማቸው ከሚነሣ ሠዓልያን መካከል አንዱ የአንኮበር ተወላጁ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ከባሕር ማዶ ደግሞ የራሳቸውን ፊት ከሒሳብ ጋር ከማንም በላይ አጣምረው የሠሩት የሕትመት ሥዕል ባለሙያ ኔዘርላንዳዊው ማውሪትስ ኤሸር ናቸው። ሁለቱም በወጣትነታቸው ለሌላ ሙያ ታጭተው የነበሩ፣ ኋላ ግን ወደ ሥዕል የዞሩ ሰዎች ናቸው።

ጉዳዩ የሠዓልያን ብቻ አይደለም። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የብረት በር የሚሠራው ወጣት፣ በገጠር ሰፌድ የምትሰፋው እናት እና ማሳውን በመስመር የሚዘራው አርሶ አደር በየዕለቱ የሚጠቀሙበት ዕውቀት ነው። በብዙ ቤት ግን ሥዕል የሚወድ ልጅ "ይልቅ ሒሳብህን አጥና" ይባላል። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው የሚለው አስተሳሰብ ልጆችን ከአንዱ ወይም ከሌላው ያርቃል። የሚከተለው ማብራሪያ ሁለቱ የት ላይ እንደሚገናኙ ያሳያል።

ከማዕድን ምሕንድስና ወደ ሥዕል

አፈወርቅ ተክሌ በጥቅምት ወር 1925 ዓ.ም በሸዋ አንኮበር ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ ሀገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ከጦርነት የወጣችው ሀገር መሐንዲስ እንጂ ሠዓሊ የምትፈልግበት ጊዜ አይመስልም ነበርና ውሳኔው በዘመኑ የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ የወጣቱ ዝንባሌ ወደ ሥዕል አጋደለ። በለንደን ማዕከላዊ የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደሚገኘው ታዋቂው የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ።

እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ የሥዕል ዐውደ ርእይ አቀረቡ። ቀጥሎም በአውሮፓ እየተዘዋወሩ የባለቀለም መስታወት አሠራርን አጠኑ፤ በውጭ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙ ጥንታዊ የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎችንም መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 በሥነ ጥበብ ዘርፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1981 የራሳቸውን መልክ የሣሉበት ሥራ በኢጣሊያ ፍሎረንስ በሚገኘው የኡፊዚ ቤተ ሥዕል ቋሚ ስብስብ ውስጥ ገባ። በዚህም ሥራው ወደ ስብስቡ የገባ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሠዓሊ ለመሆን በቅተዋል። የኡፊዚ የራስ ምስል ስብስብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በካርዲናል ሊዮፖልዶ ደ ሜዲቺ የተጀመረ ሲሆን፣ የየዘመኑ ታላላቅ ሠዓልያን ራሳቸውን እንዴት እንዳዩ የሚያሳይ መዝገብ ነው።

ሠዓሊው የኖሩበትና የሠሩበት "ቪላ አልፋ" የተሰኘው ቤት በምዕራብ አዲስ አበባ፣ ከኮልፌ ቀራንዮ ብዙም በማይርቀው በቀድሞው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ይገኛል። ንድፉን ያወጡት ራሳቸው ሲሆኑ፣ የጎንደርን ግንቦች መልክ እንዲያስታውስ አድርገው ነው። ሠዓሊው ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

መስታወት ግማሹን ብቻ ያሳያል

የራስ ምስል የሚጀምረው ከመስታወት ፊት ነው። መስታወት ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሕግ አለው። አንድ ሰው ከጠፍጣፋ መስታወት አንድ ሜትር ርቆ ቢቆም፣ ምስሉ ከመስታወቱ በስተጀርባ አንድ ሜትር ርቆ የቆመ ሆኖ ይታየዋል። ይህ ማለት መስታወቱ ምንጊዜም በዐይንና በምስሉ መካከል እኩል ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በመስታወቱ ገጽ ላይ የሚያርፈው የፊት መጠን የእውነተኛው ፊት ትክክለኛ ግማሽ ነው።

ይህን በቤት መሞከር ይቻላል። አንድ ዐይንን ጨፍኖ፣ ራስን ሳያንቀሳቅሱ፣ በመስታወቱ ላይ የአገጭንና የአናትን ጫፍ በሳሙና ምልክት ማድረግ በቂ ነው። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት በማስመሪያ ሲለካ፣ ከአገጭ እስከ አናት 22 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው 11 ሴንቲ ሜትር ያገኛል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተሂዶ ቢሞከርም ውጤቱ አይለወጥም። ሰው ከመስታወት ሲርቅ ምስሉም በዚያው ልክ ይርቃልና፣ መስታወቱ ሁልጊዜ መካከል ላይ ይቀራል።

ሕጉ ለኪስም ይጠቅማል። ሙሉ ቁመናን ለማየት የቁመትን ያህል መስታወት መግዛት አያስፈልግም። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 85 ሴንቲ ሜትር መስታወት ይበቃዋል፤ የላይኛው ጠርዝ በዐይኑና በአናቱ መካከል ካለው ቦታ ትይዩ እስከተሰቀለ ድረስ።

ሌላው የመስታወት ጠባይ አቅጣጫን የሚመለከት ነው። ቀኝ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ሠዓሊ በመስታወት ያየውን እንዳለ ቢሥል፣ ሥዕሉን የሚመለከቱ ሰዎች ጠባሳው በግራ ጉንጩ ላይ ያለ ይመስላቸዋል። በቀኙ የሚሥለው ሠዓሊም በሥዕሉ ላይ ግራኝ ሆኖ ይታያል።

በሕትመት ሥዕል ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኤሸር ብዙ የሠሩበት "ሊቶግራፍ" የተባለው ዘዴ በለስላሳ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባት ቀለም በመሣል ይጀምራል። ድንጋዩ በውኃ ሲረጥብ ቅባት ያለበት ቦታ ውኃውን ይገፋል፤ የማተሚያው ቀለም ሲቀባ ደግሞ የሚይዘው ቅባቱ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወረቀት ተደርጎ ይጫናል። እንደ ማኅተም ሁሉ የታተመው ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይወጣል። ሠዓሊው መስታወት እያየ በቀጥታ ድንጋዩ ላይ ራሱን ከሣለ፣ መስታወቱ የገለበጠውን ሕትመቱ መልሶ ያቃናዋል። ተማሪዎች በሒሳብ ክፍል አሉታዊ ቁጥር በአሉታዊ ቁጥር ሲባዛ አዎንታዊ እንደሚሆን ይማራሉ። ሁለት ጊዜ መገልበጥ ወደ ነበረበት እንደሚመልስ ከዚህ የተሻለ የሚታይ ማስረጃ አይገኝም።

ከአማካዩ የሚለየው ሰውየው ነው

ሥዕል የሚማሩ ጀማሪዎች ፊት ሲሥሉ ዐይንን ወደ ላይ፣ ወደ ግንባር አስጠግተው ያስቀምጣሉ። በልኬት ሲታይ ግን የአዋቂ ሰው ዐይን ከአገጭ እስከ አናት ባለው ርቀት መካከል ገደማ ላይ ነው። በሁለቱ ዐይኖች መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ዐይን ስፋት ያህላል፤ የፊት ወርድ ደግሞ በግምት አምስት ዐይን ነው። እነዚህ ምጥጥኖች በሥዕል ትምህርት ቤቶች ከሚሰጡ የመጀመሪያ ትምህርቶች መካከል ናቸው።

ይሁን እንጂ ማንም ሰው አማካይ አይደለም። የአንዱ ግንባር ሰፋ፣ የሌላው አገጭ ረዘም ይላል፤ ግራና ቀኝ ፊትም ፈጽሞ እኩል አይሆንም። የሠዓሊው ችሎታ የሚለካው ከአማካዩ የሚለየውን ትንሽ ልዩነት በመያዙ ነው። ወንድምን ከወንድም የሚለየው ይህ የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ነውና፣ ልኬቱን የማያውቅ ሠዓሊ ልዩነቱንም አያገኘውም።

ካሬ መስመር፦ ከትንሽ ወደ ትልቅ

ትንሽ ንድፍን ወደ ትልቅ ግድግዳ ለማሸጋገር ሠዓልያን ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ። ንድፉ ላይ እኩል ካሬዎች ይሰመራሉ። በግድግዳው ላይም በቁጥር ተመሳሳይ፣ በመጠን ግን የበለጡ ካሬዎች ይሰመራሉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ትንሽ ካሬ ውስጥ ያለው መስመር ወደ አቻው ትልቅ ካሬ ይገለበጣል። ሠዓሊው ሙሉውን ፊት በአንድ ጊዜ ማሰብ አይጠበቅበትም፤ አንዱን ካሬ ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ጤፍን ወይም ስንዴን በመስመር የሚዘራ አርሶ አደር ማሳውን በእኩል ርቀት ከፍሎ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ እንደሚያስተዳድረው ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስፋትን በሚመለከት ነው። የንድፉ ጎን አሥር ጊዜ ሲያድግ ስፋቱ የሚያድገው መቶ ጊዜ ነው። አርሶ አደር ይህን በማሳው ያውቀዋል። ጎኑ 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ መሬት ሩብ ሄክታር ነው። ጎኑ በእጥፍ አድጎ 100 ሜትር በ100 ሜትር ሲሆን መሬቱ አንድ ሙሉ ሄክታር ይሆናል። ጎኑ ሁለት እጥፍ ቢሆንም ዘሩም፣ ማዳበሪያውም፣ የእርሻ ጉልበቱም አራት እጥፍ ይፈልጋል። ለሠዓሊውም ቀለሙና የሥራ ጊዜው በዚሁ ስሌት ያድጋሉ።

የአፈወርቅ ተክሌ ትልቁ ሥራ ይህ ስሌት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል። በአዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የአፍሪካን የነጻነት ጉዞ የሚተርከው ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ሥራ በአንድ አሥረኛ ልክ ቢነደፍ ንድፉ አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ብቻ ይሆናል። በንድፉ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት በመስታወቱ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ባለቀለም መስታወት ደግሞ በቀለም ተሸፋፍኖ የሚታረም ሥራ አይደለም። እያንዳንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ጋር መግጠም አለበት፤ ያልገጠመ ቁራጭ ተጥሎ እንደገና ይቆረጣል። በመሆኑም የሰው ፊት፣ ልብስና ብርሃን ሁሉ ቀጥ ባሉና በጠመዘዙ መስመሮች ወደ ተከፋፈሉ ቅርጾች መለወጥ ነበረባቸው።

አዳራሹ በ1953 ዓ.ም የተመረቀ ሲሆን፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው። ሰፊ እድሳት ተደርጎለትም በጥቅምት 2017 ዓ.ም ዳግም ተከፍቷል።

ተመሳሳዩ ስሌት በኮልፌ ቀራንዮ መንገዶች ዳር በሚገኙ የብረታ ብረት መሥሪያ ቤቶች ደጃፍም ይታያል። ሠራተኛው በደብተር ወረቀት ላይ የተሣለ የበር ንድፍ ይቀበላል። የበሩን ቁመትና ወርድ በሜትር ለክቶ፣ መሐሉን አግኝቶ፣ ጌጡን በጠመኔ መሬት ላይ በሙሉ መጠኑ ያሰምራል። ከዚያ ብረቱን በመስመሩ ላይ እያጠፈ ይቆርጣል። ግራው ከቀኙ ጋር እኩል መሆኑን የሚያረጋግጠው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለቱንም ሰያፍ መስመሮች በመለካት ነው። የአራት ማዕዘኑ ትይዩ ጎኖች እኩል ከሆኑና ሁለቱ ሰያፎችም እኩል ከሆኑ በሩ ጎብጦ አልተሠራም። ይህ ሒሳብ በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የሚሰጠው ራሱ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ስሕተት ብረት ማስከሰሩ ነው።

በሉል ውስጥ ያለ ሰው

ማውሪትስ ኤሸር እ.ኤ.አ. በ1898 በኔዘርላንድ ሊዋርደን ከተማ ተወለዱ። በትምህርት ቤት ደካማ ተማሪ ነበሩ፤ ሒሳብም አይሆንላቸውም ነበር። በሃርለም ከተማ የሕንጻ ንድፍ ለመማር ቢገቡም መምህራቸው ሳሙኤል ዴ ሜስኪታ ሥራቸውን አይተው ወደ ሕትመት ሥዕል እንዲዞሩ መከሯቸው። ከዚያ በኋላ ራሳቸውን ደጋግመው ሣሉ። ከእነዚህ ሁሉ በዓለም ይበልጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በጥር 1935፣ በሮም ይኖሩ በነበረበት ወቅት የሠሩት ሊቶግራፍ ነው።

በሥዕሉ ላይ አንድ እጅ የሚያንጸባርቅ ሉል ይዞ ይታያል። በሉሉ ላይ ሠዓሊው ተቀምጠው፣ ከኋላቸው ወንበሩ፣ መጻሕፍቱ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሥዕሎች፣ መስኮቱና ጣሪያው ሁሉ ተጠምዘው ይታያሉ። ሙሉ ክፍሉ በአንድ መዳፍ ላይ በምትያዝ ኳስ ውስጥ ገብቷል። በመካከሉ ደግሞ የሠዓሊው ፊት አለ።

ይህ እንዴት ይሆናል? ወደ ውጭ ያበጠ መስታወት ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ብርሃን ወደ አንድ ዐይን ይመልሳል። ሉልን በተወሰነ ርቀት ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው፣ ከሉሉ ክበብ መካከል እስከ ጠርዙ ካለው ርቀት 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከተመልካቹ በስተኋላ ያለውን ዓለም ሁሉ ያሳያል። ቀሪው ጠባብ ቀለበት ከሉሉ በስተጀርባ ወዳለው አቅጣጫ ያለውን ያሳያል። ቀለበቱ ጠባብ ቢመስልም፣ በስሌት ሲታይ ሁለቱ ክፍሎች እኩል ስፋት አላቸው። የተመልካቹ ዐይን ግን ሁልጊዜ መካከሉ ላይ ነው። ሉሉን ቢያዞሩትም፣ አንገትን ዘንበል ቢያደርጉም፣ ቦታ ቢቀይሩም ከመካከል መውጣት አይቻልም። ወደ ዐይን በቀጥታ የሚመለሰው ብርሃን ሉሉን የሚመታው ለዐይን በቀረበችው ነጥብ ላይ ብቻ ነውና።

ሥዕሉ የሚናገረው ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። ሰው ዓለምን የሚያየው ራሱን መካከል ላይ አድርጎ ነው። ይህን ብዙ ጸሐፍት በቃላት ብለውታል፤ ኤሸር ግን በመስታወት ሕግ አሳዩት።

የሚያብረቀርቅ ጭልፋ ወይም ማንኪያ ያለው ሰው ሁሉ ሙከራውን ማድረግ ይችላል። በማንኪያው ጀርባ ፊት ትንሽና ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ከኋላ ያለው ቤትም ተጠምዞ ይገባል። ማንኪያው ሲገለበጥና በጎድጓዳው በኩል ሲታይ ደግሞ ፊት ዘቅዝቆ ይታያል። ወደ ጎድጓዳ መስታወት በጣም ሲጠጉ ግን ምስሉ ቀጥ ብሎ ይተልቃል፤ አንዳንድ የመላጫ መስታወቶች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ኤሸር እ.ኤ.አ. በ1946 በሠሩት ሌላ ሥራ በእንዲህ ያለ መስታወት አጉልተው የራሳቸውን አንድ ዐይን ብቻ ሣሉ። በብሌኑ ውስጥ የሚታየው የሞት ምልክት የሆነ የራስ ቅል ነው።

ያበጠ መስታወት በከተማ መንገድ ላይም ሥራ አለው። የብዙ ተሽከርካሪዎች የጎን መስታወት በጥቂቱ ያበጠ ነው። ሹፌሩ ሰፋ ያለ ቦታ እንዲያይ ይረዳዋል፤ ዋጋው ግን ከኋላ የሚመጣው መኪና ካለበት ርቆ መታየቱ ነው። ሹፌርም ሆነ ተሳፋሪ ይህን ቢያውቅ በር ሲከፍትም ሆነ መስመር ሲቀይር ይጠነቀቃል።

ሠዓሊው ለሒሳብ ሊቃውንት የተወው ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1954 ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ በአምስተርዳም ሲካሄድ የኤሸር ሥራዎች በዚያው ከተማ ለዕይታ ቀረቡ። በሒሳብ ደካማ የነበሩት ሠዓሊ ከዚያ በኋላ ከታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት ጋር ደብዳቤ የሚጻጻፉ ሆኑ። የሊቃውንቱ ጽሑፍ ለሥዕሎቻቸው መነሻ ሆነ፤ ሥዕሎቻቸውም ለሊቃውንቱ ጥያቄ አቀረቡ።

ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1956 የሠሩት "የሥዕል አዳራሽ" ነው። አንድ ወጣት በአዳራሽ ውስጥ ቆሞ የወደብ ከተማ ሥዕል ይመለከታል። በሥዕሉ ውስጥ ያለችው ከተማ እየሰፋች ሄዳ፣ በመጨረሻ ወጣቱ የቆመበትን አዳራሽ ራሱን ታቅፋለች። ተመልካቹ በሚያየው ሥዕል ውስጥ ነው ማለት ነው። ኤሸር ይህን የሠሩት ካሬ መስመሮችን አጣመው ነው። በእያንዳንዱ ጎን ላይ ካሬዎቹ አራት እጥፍ ያድጋሉ። አራት ጊዜ አራት እጥፍ ሲሆን፣ አንድ ዙር ሲጠናቀቅ ሥዕሉ 256 ጊዜ ጎልቷል። በመካከሉ ግን ሊሞሉት ያልቻሉት ባዶ ቦታ ቀረ። በዚያ ቦታ ላይ ፊርማቸውን አኖሩ።

ኤሸር እ.ኤ.አ. በ1972 ዐረፉ። ባዶው ቦታ ምን ሊይዝ እንደሚገባ በስሌት ያገኙት በኔዘርላንድ የላይደን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቃውንት ሄንድሪክ ሌንስትራ እና ባርት ደ ስሚት ሲሆኑ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። በመካከሉ ሊኖር የሚገባው ተጠምዝዞና አንሶ የተደገመ የሥዕሉ ቅጂ ነው፤ በቅጂው ውስጥም ሌላ ቅጂ፤ እንዲህ እያለ ማለቂያ የለውም።

ሰፌዱ፣ መስቀሉና የጣና ሥዕል

በኢትዮጵያ የሥዕል ትውፊት ሠዓሊው ራሱን መሣል አልተለመደም። ሥዕሉን ያሠራው ሰው መልክ ግን ይሣላል። በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት በሚገኘው የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። በእንዲህ ያሉ ሥዕሎች የሰው መጠን የሚወሰነው በርቀት ሳይሆን በክብር ነው። ቅዱሳን ይተልቃሉ፤ ተማጻኙ ያንሳል። ይህም የራሱ ሥርዓት ያለው ምጥጥን ነው እንጂ ርቀትን አለማወቅ አይደለም።

በእጅ ሥራውም ስሌት አለ። ሰፌድ የምትሰፋ ሴት ከመካከል ጀምራ ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች በክብ ትዞራለች። የጥቅሉ ውፍረት አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው በ6.28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሰፌዱ ትንሽም ይሁን ትልቅ ጭማሪው አንድ ነው። ጌጡ ስምንት ጊዜ የሚደጋገም ከሆነ፣ በየዙሩ ለእያንዳንዱ ጌጥ የሚደርሰው ጭማሪ ከስምንት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ሰፊዋ ይህን በወረቀት ሳታሰላ በወስፌዋ ታከፋፍለዋለች። ካልተከፋፈለ ጌጡ ሲገናኝ አይገጥምም፤ አንዱ ሰፍቶ ሌላው ይጠብባል። ሸማኔም ጥለት የሚያወጣው ድሩን ቆጥሮ ነው፤ በቆጠራው ላይ አንድ ክር ከሳተ ስሕተቱ እስከ ጥለቱ መጨረሻ ይከተለዋል።

የመስቀል ቅርጾችም እንዲሁ ናቸው። በብዙ የኢትዮጵያ የመጾር መስቀሎች ላይ በትልቁ መስቀል ጫፎች ትንንሽ መስቀሎች ይወጣሉ፤ በእነርሱም ጫፍ ሌሎች ያነሱ ይታያሉ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮን ኤግላሽ እ.ኤ.አ. በ1999 በአፍሪካ ንድፎች ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የኢትዮጵያ መስቀሎችን ሒሳብ "ፍራክታል" ብሎ ከሚጠራቸው፣ ራሳቸውን በየመጠኑ ከሚደግሙ ቅርጾች ጋር አያይዘው አቅርበዋል። ኤሸር በ"የሥዕል አዳራሽ" የደረሱበት ሐሳብ፣ ነገር በራሱ ውስጥ መደገሙ፣ በላስታና በጎንደር አንጥረኞች ዘንድ እንግዳ አልነበረም።

ለትምህርት ቤቶችና ለወላጆች

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በመጀመሪያና በመካከለኛ ደረጃ የክዋኔና ዕይታዊ ጥበባት ትምህርት ተካቷል። ትምህርቱ ብዙ ቁሳቁስ በሌለበት ትምህርት ቤትም ቢሆን ከሒሳብ ጋር ተያይዞ ሊሰጥ ይችላል። አንድ መስታወት፣ አንድ ቁራጭ ሳሙናና አንድ ማስመሪያ የግማሽን ሕግ ለማስተማር ይበቃሉ። ካሬ የተሰመረበት ደብተር ምጥጥንንና ስፋትን ያስተምራል። ከቤት የመጣ ሰፌድ የክብ ዙሪያን ያስተምራል። ተማሪው በዚህ መንገድ የራሱን ፊት ሲሥል፣ ስለ ግማሽ፣ ስለ እጥፍና ስለ ሚዛን የተማረውን በራሱ መልክ ላይ ያገኘዋል።

በሙያው ለመግፋት የሚፈልግ ወጣት ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘውና በመሥራቹ ስም የሚጠራው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለለት። እዚያ መድረስ ያልቻለም በሠፈሩ ካሉት የብረትና የእንጨት ሠራተኞች፣ ከሸማኔዎችና ከሰፌድ ሰፊዎች የሚቀስመው ዕውቀት ቀላል አይደለም።

ወላጅ ልጁ ደብተሩ ላይ ፊት ሲሥል ቢያይ ከመቆጣቱ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ "ዐይኑን የት ላይ እንደምታደርገው በምን አወቅህ?" ልጁ መልሱን ለማግኘት መለካት ይጀምራል። የአንኮበሩ ልጅ ማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ተልኮ በሥዕል ሀገሩን አስጠርቷል። የሊዋርደኑ ልጅም ከሒሳብ ፈተና ወድቆ የሒሳብ ሊቃውንትን አነጋግሯል። ሁለቱም የጀመሩት ነገርን አተኩሮ ከማየትና ከመለካት ነው።